ቲቸር ሶስና እና ከእድር ልታስባርራቸው የነበረችው እባብ

መጀመሪያ እኔ ማን እንደሆንኩ ይታወቅ። ግርማ እባላለሁ። አዳማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው ሰፈር የጥገና ሱቅ ከከፈትኩ አርባ ዓመት አልፎኛል። ትምህርት ያቋረጥኩት ከአራተኛ ክፍል ነው፤ ያቋረጥኩትም ሰንፌ ሳይሆን መምህሩን የማያውቀውን ስለጠየቅሁት ነው። ከዚያ ወዲህ ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት ራሴን አስተምሬ ነው። ሬዲዮ ፈትቼ ሬዲዮ ተማርኩ። ፍሪጅ ፈትቼ ፍሪጅ ተማርኩ። የዳቦ ቤት ምድጃ፣ የወፍጮ ሞተር፣ የመስኖ ፓምፕ ጠግኛለሁ። የቤተ ክርስቲያኑንም የመስጊዱንም ድምፅ ማጉያ በአንድ ሳምንት ውስጥ የጠገንኩ ሰው ነኝ፤ የትኛው ይበልጥ እንደሚጮህ ሰፈሩ እስከ ዛሬ አልወሰነም። «ግርማ ያልጠገነውን ቅበረው» የሚባል አነጋገር አለ። መጀመሪያ የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ ግን ሰዉ ተቀብሎታል።

በዚያ ላይ የእድራችን የዕቃ ቤት ኃላፊ ነኝ። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ሦስት መቶው ሳህን በእኔ እጅ ነው። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ማንኪያ አልጠፋም። አንዴ ጠፍቶ ነበር፤ ተገኘ።

ይህን የምናገረው ለመኩራራት አይደለም። ጉረኛ ማስረጃ የለውም፤ የእኔ ሱቅ ግን ክፍት ነው፣ መጥቶ ማየት ይቻላል። የምናገረው፣ ይህን የመሰለውን ሰው አንዲት ጡረተኛ የባዮሎጂ መምህርትና አንዲት የአውራ ጣት ውፍረት ያላት እባብ ምን እንዳደረጉት አንባቢ በሚገባ እንዲረዳልኝ ነው።

ቲቸር ሶስና ባለፈው ግንቦት አረፉ። እድራችን ጥሩምባ ሲያስነፋ እኔ ሱቅ ነበርኩ። መፍቻዬን አስቀመጥኩና መጀመሪያ ያሰብኩት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ስለ እሳቸው አልነበረም። «ብርቱካን ዛሬ በልታለች ወይስ አልበላችም?» ነበር ያልኩት። ብርቱካን እባቧ ናት። ቲቸር ሰምተውኝ ቢሆን ኖሮ አሥር ከአሥር ይሰጡኝ ነበር።

ሰፈሩ ሁሉ ቲቸር ነው የሚላቸው፤ የሦስቱንም ልጆቼን ባዮሎጂ አስተምረዋል። በአዳማ ሙቀት ሹራብ ለብሰው የሚዞሩ ብቸኛ ሰው ነበሩ። ሹራቡን የሚለብሱት በርዷቸው ሳይሆን ለኪሱ ሲሉ ነው። በኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ ቁራጭ ጠመኔ አለ። ጡረታ ከወጡ በኋላም ነገር ማስረዳት ሲፈልጉ ያገኙት ላይ ይጽፋሉ፤ በር ላይ፣ አጥር ላይ፣ አንድ ቀን የቆመ ባጃጅ ላይ የልብን ቅርፅ ሥለው ባለባጃጁ ሳምንቱን ሙሉ ይዞት ዞረ። ባል አላገቡም፣ ልጅ አልወለዱም። ዘመዶቼ የሚሏቸው የጸሎት ቤታቸውን ሰዎችና እድሩን ነበር። የእድሩ ጸሐፊም እሳቸው ነበሩ።

ግቢያቸው ሰፊ ስለሆነ ሰርቪስ ቤቱን ያከራዩ ነበር። አንድ ጊዜ አንድ የውጭ አገር ሰው ተከራየ፤ የስፌት ማሽን ባለሙያ ነው፣ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ለሁለት ዓመት ተቀጥሮ የመጣ። ውሉ አልቆ ሲሄድ አልጋውን ሸጠ፣ ብስክሌቱን ለዘበኛው ሰጠ፣ አንድ ነገር ግን የሚወስድለት አጣ። ከዚያ ቲቸር አስጠሩኝ።

«ግርማ፣ ይህን ወረቀት እይልኝ» አሉኝ።

«እንግሊዝኛ ነው፣ ቲቸር።»

«ሁሉን ነገር ራሴን አስተማርኩ ትል የለም እንዴ?»

«እንግሊዝኛን ገና አልፈታሁትም።»

ሳቁ። ከጠረጴዛው ላይ የነበረውን የልብስ ማስቀመጫ ላስቲክ ሳጥን ክዳን ገለጥ አደረጉት። ውስጡ ብርቱካንማ፣ በቀይ ጠቃጠቆ ያጌጠ ነገር ተጠቅልሎ ተኝቷል።

«ቲቸር፣ ይሄ እባብ ነው!»

«በጣም ጥሩ። አሥር ከአሥር» አሉ።

እኔ በዚያን ሰዓት በሩ ጋ ደርሻለሁ። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም።

«ና፣ ተመለስ። መጀመሪያ እይ፣ ከዚያ ፍራ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉን ነው።»

ይህ አባባል የእሳቸው ነበር። ውሻ ላይም፣ ደም ምርመራ ላይም፣ አዲስ ሰባኪ ላይም ይሉት ነበር። ጠመኔያቸውን አወጡና በሩ ላይ የእባቧን ጥርስ ሣሉልኝ። መርዝ የላትም። ብትነክስ የሎሚ እሾህ የጫረህ ያህል ነው። አገሯ ሩቅ ነው፤ እዚያ የበቆሎ ጎተራ ውስጥ አይጥ እያደነች ስለምትኖር የበቆሎ እባብ ይሏታል። ሃያ ዓመት ልትኖር ትችላለች። እዚህ ሜዳ ላይ መልቀቅም አይቻልም፤ የማታውቀው ምድር ነው፣ ወይ ትሞታለች ወይ ታስቸግራለች።

«ስለዚህ የሚያኖራት ካልተገኘ መገደሏ ነው» አሉኝ። «ሰውየው እያለቀሰ ነው የሄደው። እኔ ደግሞ ቃል ሰጥቻለሁ።»

ወረቀቱ የሚያስፈልጋትን ዕቃ ከነዋጋው የያዘ ነበር። የመስታወት ቤት፣ የማሞቂያ ምንጣፍ፣ ሙቀት መቆጣጠሪያ፣ ቴርሞሜትር፣ ከሥር የሚነጠፍ የእንጨት ፍቅፋቂ፣ መደበቂያ ዋሻ፣ የውሃ ሳህን፣ በረዶ የሆነ አይጥ። ዶላሩን በብር ሲያባዙት የፋሲካ በግ ዋጋ ሆነ። አንድ በግ ማለቴ አይደለም፤ መንጋ።

ቲቸር መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «የጡረታ ገንዘቤ ከዚህ ዝርዝር የውሃ ሳህኗን ይገዛል» አሉ።

እኔ እንዲህ ያለ ንግግር ፊት ዝም ማለት አልችልም፤ ተፈጥሮዬ ነው። «ቲቸር፣ ይሄን ሁሉ እኔ እሠራዋለሁ» አልኩ። እጄ ግን ኪሴ ውስጥ ነበር። እባቧን እንደማልነካት ለራሴ ምያለሁ፤ ለሳቸው አልነገርኳቸውም።

የመስታወት ቤቱን በሁለት ቀን አገኘሁ። ሥራ ያቆመ ኬክ ቤት ነበር፤ የኬክ ማሳያ መስታወቱን በቁራጭ ብረት ዋጋ አመጣሁት። ሁለት ወገን እየተንሸራተተ የሚከፈት፣ ውስጡ መብራት ያለው፣ እንዲህ ያለ የእባብ ቤት በአፍሪካ ውስጥ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ከዚያ ፍቅፋቂውን ፍለጋ እንጨት ቤት ሄጄ አንድ ጆንያ የጥድ ሰጋቱራ ተሸክሜ መጣሁ። ሽታው ልብ ያውዳል። ቲቸር አሸተቱና ጆንያውን አሠሩት።

«ለአፍንጫህ ነው ያመጣኸው ወይስ ለእሷ? የጥድ ዘይት ሳንባዋን ይጎዳል። መልሰው።»

በምትኩ ምን እንዳነጠፉላት ታውቃላችሁ? ለሠላሳ ምናምን ዓመት ያስቀመጡትን የተማሪ ፈተና። ከቁም ሳጥን ሥር ሁለት ካርቶን ሙሉ አወጡ። ወረቀቱ ንጹሕ ነው፣ ሽታ የለውም፣ ሲቆሽሽ ይቀየራል፣ ዋጋው ባዶ ነው። አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ ሳይ የበኩር ልጄን የአሥረኛ ክፍል ፈተና ከእባቧ ሥር አገኘሁት። አርባ አንድ ከመቶ። ልጄ ዛሬ አካውንታንት ነው፤ ሰባ ስምንት አመጣሁ ብሎኝ ነበር።

ለመደበቂያ አፉ የተሰበረ ገንቦ በጎኑ አስተኛንላት። ወዲያው ገባችበት፤ ለእሷ የተሠራ ይመስል ነበር። የቀረው ትልቁ ሥራ ማሞቂያው ነው። በወረቀቱ ላይ ከሁሉ ውዱ እሱ ነበር። እኔም እውቀቴን በሙሉ አፈሰስኩበት። የአሮጌ ካውያ ሬዚስታንስ (የሚግለውን ሽቦ) አወጣሁ፣ በቆርቆሮ ሸፈንኩት፣ ከመስታወቱ ሥር አስተካክዬ ቀበርኩት፣ መብራት ሲበራ ቤቱ እንደ ዳቦ ምድጃ ደስ የሚል ሙቀት ያዘ። ቲቸር እንዲያመሰግኑኝ እጄን አጣምሬ ቆምኩ።

ብርቱካን ከገንቦዋ ወጣች። ቤቱን ሁለት ጊዜ ዞረች። ከዚያ የውሃ ሳህኗ ውስጥ ገብታ ተጠቀለለች፤ ጭንቅላቷ ብቻ ቀረ።

«ምን እያደረገች ነው?» አሉኝ ቲቸር።

«እየታጠበች ነው። ተመችቷታል።»

ቴርሞሜትሩን ሰጡኝ። አነበብኩት። እንደገና አነበብኩት።

«ግርማ፣ አሁን ወሩ ምንድን ነው?»

«ሚያዝያ።»

«ከተማው?»

ያን ጊዜ ገባኝ። በሚያዝያ፣ በአዳማ፣ ላቡ እስከ ጫማው እየወረደ፣ ማሞቂያ የሠራ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። ማንም አልቀደመኝም። ቲቸር ወንበር ላይ ተቀምጠው እስኪያለቅሱ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ሬዚስታንሱን ነቀልኩ። ሰውየው የጻፈው በአገሩ ብርድ ነው፤ እኛ ደግሞ የተጻፈውን ሁሉ እናምናለን። በገንቦው ላይ እርጥብ ጆንያ ጣል ማድረጉ ግን የእኔ ሐሳብ ነበር። የእኔ ነው፤ ይመዝገብልኝ። ሙቀቱ ወዲያው ወረደ፣ ብርቱካንም ከሳህኗ ወጣች።

ከዚያ የምግቡ ነገር መጣ። በአሥር ቀን አንድ አይጥ ነው የምትበላው። «ይሄማ ቀላል ነው» ብዬ በሚኒባስ መቂ ወረድኩ። የመጋዘን አገር ነው። የመጀመሪያው መጋዘን ጠባቂ «አይጥ? ና ውሰድ፣ ይባርክህ!» አለኝ። ሁለተኛው ትንሽ አሰበና «አምስት ብር» አለ። ሦስተኛው ጋ ስደርስ አንድ ደላላ ተከትሎኛል።

«አባባ፣ ስንት ኩንታል ነው የሚፈልጉት?»

«አምስት ፍሬ።»

«ለናሙና ነዋ! ገባኝ። መኪናውን መቼ እናስጭን?»

የአዲስ አበባ ነጋዴ መጥቶ አይጥ እየሰበሰበ ነው ተብሎ ተወራ። ከሰዓት በኋላ የአንድ አይጥ ዋጋ ሃያ ብር ገባ። በመቂ ፈላጊ ያለው ነገር ሁሉ ደላላ አለው። አምስቱን በቆርቆሮ ይዤ ወደ አዳማ ስመለስ እንደ ዘማች ነበር የተሰማኝ። ቲቸር ቆርቆሮውን አዩና ክዳኑ ላይ በጠመኔ ትልቅ ኤክስ አደረጉበት።

«የመጋዘን አይጥ የአይጥ መርዝ ቀምሶ ሊሆን ይችላል። እሱን በልታ እሷም ትሞታለች።»

በመጨረሻ አዲስ አበባ ላብራቶሪ የሚሠራ የድሮ ተማሪያቸው ስድስት ነጭ አይጦች በብስኩት ካርቶን ላከላቸው። የሽቦ ቤት ሠራሁላቸው፤ ወዲያው ተዋለዱ። አንዲት እባብ ለመቀለብ ብለን ስንዴና ካሮት የምንገዛላቸው የሠላሳ አይጥ አሳዳሪ ሆንን።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ስናገር ደስ ይለኛል። ቀጥሎ ያለውን ግን የምናገረው ስላለብኝ ነው።

ለመስታወቱ መቀርቀሪያ አልሠራሁለትም ነበር። የምትሆነው ትንሽ ብሎን ሱቅ ውስጥ አልነበረችም። ስለዚህ የባትሪ ድንጋይ ካርቶን አጥፌ በሁለቱ መስታወት መሐል ሸጎጥኩና «ለጊዜው ይቺ ትይዘዋለች፤ ትንኝ አያልፍም» አልኩ። ለጊዜው! በእኛ ከተማ «ለጊዜው» የተሠራ ነገር ዕድሜው ከባለቤቱ ይበልጣል። ለጊዜው የታሰረ ጭስ ማውጫ፣ ለጊዜው የተገጠመ በር፣ ለጊዜው የተጎተተ የመብራት ሽቦ፤ ልጅ ተወልዶ፣ አድጎ፣ ተድሮ እዚያው ነው። የእኔም ካርቶን አምስት ወር ቆየች።

የእድሩ ወርኃዊ ስብሰባ በቲቸር ግቢ ነበር። ድንኳኑ ሊሰፋ ስለሆነ የእድሩ ዕቃ ከሚቀመጥበት ከሳቸው መጋዘን አውጥተን ሣሩ ላይ ዘረጋነው። የእድሩ ሊቀመንበር ኦቦ ቱሉ ናቸው፤ ድሮ የመቂ የሽንኩርት ደላላ የነበሩ፣ ድምፃቸው ያለ ማጉያ እስከ ሞጆ የሚሰማ ሰው። የድንኳኑን እጥፋት በእጃቸው ገለጡ። ከእጥፋቱ ውስጥ ብርቱካን ቀስ ብላ አንገቷን አወጣች።

«ቦፋ!» አሉ ኦቦ ቱሉ። በኦሮምኛ እባብ ማለት ነው፤ ትርጉም የጠየቀ ሰው አልነበረም። አርባ ሰው በአንድ በር ወጣ። ሣሩ ላይ ጫማ ብቻ ቀረ። ኦቦ ቱሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ዘለሉ፤ ወንበሩ ተሰበረ፤ ሌላ ወንበር ላይ ዘለሉ። እኔ የውሃ ታንከሩ ማማ ላይ ነበርኩ። የውሃውን ልክ እያየሁ ነበር።

ቲቸር የስብሰባውን መዝገብ በብብታቸው እንደያዙ ተራመዱ፤ ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው አነሷት። ክንዳቸው ላይ እንደ አምባር ተጠመጠመች። በሌላ እጃቸው እስክሪብቷቸውን አወጡ።

«አጀንዳ ሁለት» አሉ። «የድንኳኑ ስፌት።»

«ቲቸር! ያ ዋቃዮ! አምላኬ! ያቺን ነገር ያስቀምጡ!»

«ላስቀምጣት?» ወደ ሣሩ ጎንበስ አሉ።

«አይ! አይ! አይ! ይያዟት! ይያዟት!»

ብርቱካንን ቤቷ አስገብተው ተመለሱ። ሰዉም አንድ በአንድ ጫማውን ፍለጋ መጣ። ኦቦ ቱሉ ከወንበራቸው ሳይወርዱ «ማነው የከፈተላት?» ብለው ጮኹ።

ቲቸር ቀና ብለው አዩኝ። እኔ አሁንም ታንከሩ ላይ ነኝ። በእጃቸው ትንሽ የታጠፈ ካርቶን ነበር። ሹራባቸው ኪስ ውስጥ፣ ጠመኔው ጋ ከተቱት።

«እኔ ነኝ» አሉ። «መዝጋት ረሳሁ።»

እኔስ ምን አደረግሁ? የውሃውን ልክ ማየቴን ቀጠልኩ።

ኦቦ ቱሉ ፈረዱ። «እባብ ባለበት ቤት ለቅሶ ተቀምጠን ንፍሮ አንቆረጥምም። ወይ እባቧ ትወገድ፣ ወይ ቲቸር ከመዝገብ ይሰረዙ። እስከሚቀጥለው ስብሰባ!» ጸሐፊዋ ራሳቸው ስለሆኑ የራሳቸውን ፍርድ በራሳቸው እጅ ጻፉት፤ በጥሩ ጽሕፈት። ከእድር መሰረዝ ልጅ ለሌላት ሴት ምን ማለት እንደሆነ የኛ አገር ሰው ያውቀዋል። ድንኳን የሚተክልልህ፣ የሚሸከምህ የለም ማለት ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ሦስት መቀርቀሪያና ሁለት ቁልፍ ይዤ ሄድኩ። ሻይ ቀዱልኝ፤ ካርቶኗን ከስኳሩ አጠገብ አስቀመጧት።

«ይቺ ያንተ መሰለችኝ።»

«ለምን አልተናገሩም፣ ቲቸር?»

«አንተ ዕቃ ቤት ነህ። ሰው በዕቃ ቤት ላይ እምነት ካጣ ድንኳኑን ማን ይጠብቃል? እኔ አሮጊት ነኝ። አሮጊት ረሳች ቢባል ማን ይደነግጣል?» ሻያቸውን ቀመሱ። «ደግሞ ተማሪ ስሕተቱን ራሱ ቢያርም ይሻላል። እጁን ይዤ አላርምም።»

በዚያ ወር ቲቸር የእድሩን አባላት ሁሉ ሁለት ሁለት እያደረጉ ጋበዙ። ወለሉ ላይ በጠመኔ መስመር ያሰምራሉ። «ከመስመሩ ወዲህ ሆናችሁ እዩ። የፈለገ ይሻገር፤ ያልፈለገ ሻዩን ጠጥቶ ይሂድ።» ሰዉ መጀመሪያ ሊስቅ መጣ፤ ቀጥሎ ሊያይ መጣ፤ ቀጥሎ ዘመድ ይዞ መጣ። «እባብ በጸሎተኛ ቤት?» ያሏቸውን የጸሎት ቤታቸውን ሴቶች «ኖኅ ሲያሳፍር አልመረጠም» ብለው መለሱላቸው። በመጨረሻ ኦቦ ቱሉ መጡ። መስመሩን ረገጡና ቆሙ።

«ቲቸር፣ አይጥ ትበላለች ይባላል።»

«ትበላለች።»

«የእህል መጋዘኔን አይጥ ጨረሰው። ለሳምንት ያከራዩኝ።»

«ኦቦ ቱሉ፣ በአሥር ቀን አንድ ነው የምትበላው። ሌላውን ቀን ትተኛለች።»

ኦቦ ቱሉ አዘኑ። «በአሥር ቀን አንዴ ሠርታ የምትተኛ? ይቺማ ቋሚ የቢሮ ሠራተኛ ናት!» ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ እሳቸውም እየሳቁ በአንድ ጣታቸው ጀርባዋን ነኩ። «ደረቅ ናት!» አሉ። «እኔኮ የምታንሸራትት መስሎኝ ነበር።»

ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። አላለቀም። በስብሰባው ቀን ኦቦ ቱሉ ተነሡ፤ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ያለ ነበር።

«እባቧን አይተናል፤ ክፉ አይደለችም። ችግሩ በሩ ነው። ቲቸር እናታችን ናቸው፤ ግን አንዴ ረስተዋል። ዕድሜ ነው፣ አይፈረድባቸውም። አንዴ የረሳ ሁለቴ ይረሳል። ልጆች አሉን። ስለዚህ አዝናለሁ፣ ትወገድ።»

ሰዉ አንገቱን ነቀነቀ። እውነት ነውና። ቲቸር መዝገባቸው ላይ አጎንብሰው ይጽፉ ነበር። ወደ እኔ አላዩም። ቢያዩኝ ይሻለኝ ነበር። ለእኔ ብለው የዋሿት አንዲት ቃል ብርቱካንን ልትገድላት ነው፤ ከእጁ እስክሪብቶ የማይለይ፣ በሠላሳ ዓመት የአንድ ተማሪ ስም ያልረሳ ሰው ዝንጉ ተብሎ ተመዘገበ።

ተነሣሁ።

«እሳቸው አልረሱም» አልኩ። «በሩ መቀርቀሪያ አልነበረውም። እኔ ነኝ ያልሠራሁት። በካርቶን ሸጎጥኩት። ለጊዜው።»

«አንተ?» አሉ ኦቦ ቱሉ። «ግርማ? ያልጠገነውን ቅበረው የሚባለው?»

«እኔው።»

«ታንከሩ ላይ የነበርከው?»

«የውሃውን ልክ ሳይ አልነበረም። ፈርቼ ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው በሳቅ ፈነዳ፣ ሌላው ተከተለ፣ ኦቦ ቱሉ ሆዳቸውን ይዘው ተቀመጡ፤ ያ ወንበርም ተሰበረ። ቲቸር ብቻ አልሳቁም። ጠመኔያቸውን አወጡና በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ፣ እኔ ብቻ በማየው በኩል፣ «10/10» ብለው ጻፉ።

እድሩ ቀጣኝ። የተሰበሩትን ሁለት ወንበሮች በነጻ እንድሠራ፤ የእባቧን መቀርቀሪያ በየቅዳሜው እንዳይ፤ ሦስተኛው ደግሞ ኦቦ ቱሉ ራሳቸው ያስጻፉት፦ «ቲቸር ቤት ለቅሶ የሆነ እንደሆነ፣ ብርቱካን ከነቤቷ ወደ ግርማ ቤት ትዛወራለች።» ሰዉ እየሳቀ አጸደቀው። ቲቸርም በጥሩ ጽሕፈት ጻፉት።

ሦስት ዓመት በየቅዳሜው ሄድኩ። መቀርቀሪያውን አያለሁ፣ አይጦቹን አያለሁ፣ ሻይ እጠጣለሁ። ቲቸር እባቧን ክንዳቸው ላይ አድርገው «ትነካታለህ ዛሬ?» ይሉኛል። «ዛሬ እጄ ግራሶ ነው» እላለሁ። ሦስት ዓመት እጄ ግራሶ ነበር።

ከዚያ ያ የግንቦት ቀን መጣ። ድንኳኑን እኔ ነኝ የተከልኩት፤ አንድ ገመድ እንኳ ለጊዜው አላሰርኩም። ኦቦ ቱሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። «ደንቡ ደንብ ነው። ዕቃ ቤት፣ ሥራህን ሥራ።»

ቤት ገባሁ። የኬክ ቤቱ መስታወት እሷ በውስጡ ሳለች የሚሸከሙት አይደለም፤ መጀመሪያ እሷ መውጣት አለባት። በመስታወቱ ጥግ ላይ ንጹሕ የትራስ ልብስ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ መስታወቱ ላይ በጠመኔ ተጽፏል፦ «ግርማ፣ በዚህ ውስጥ ነው የምትሸከማት። መጀመሪያ እይ።» ሁለተኛውን ግማሽ አልጻፉትም።

አየሁ። ረጅም ጊዜ አየሁ። ከዚያ ለመፍራት ስዘጋጅ የቀረኝ ፍርሃት ጥቂት ሆኖ አገኘሁት። እጄን ሰደድኩ። ደረቅ ናት፤ ለብ ያለች ናት፤ ክብደቷ ከአንድ ፔንሳ አይበልጥም። ክንዴ ላይ ወጣችና ቆመች። ከውጭ ሰው ያለቅሳል፣ እኔ ውስጥ ቆሜ እስቃለሁ፣ እንባዬም ይወርዳል። ግቢውን በትራስ ልብስ ተሸክሜያት ሳልፍ እድሩ በሙሉ ተነሥቶ መንገድ ሰጠን።

እንግዲህ በዕድሜዬ ያከናወንኩትን ልዘርዝርና ልጨርስ።

ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ ሦስት ልጆች ዩኒቨርሲቲ አስገብቻለሁ፤ የአንዱን ውጤት በኋላ ከእባብ ሥር ነው ያየሁት።

የቤተ ክርስቲያኑንም የመስጊዱንም ድምፅ ማጉያ ጠግኛለሁ።

የኬክ መስታወት የእባብ ቤት አድርጌያለሁ፤ በእርጥብ ጆንያ የአዳማን ሙቀት አብርጃለሁ።

በአንድ ቀን የመቂን የአይጥ ገበያ አራት እጥፍ አስወድጃለሁ።

ሁለት የእድር ወንበሮች ሠርቻለሁ፤ ኦቦ ቱሉ እስካሁን አልሰበሯቸውም።

ብርቱካንን በየአሥር ቀኑ እመግባታለሁ፤ ቆዳዋን ሁለት ጊዜ በሰላም ቀይራለች፤ ከሥሯ አሁንም የሰፈሩ ፈተና ነው የተነጠፈው፣ ማየት የሚፈልግ ወላጅ ይምጣ።

የብሎን ሣጥኔ ሙሉ ነው፤ ሱቄ ውስጥ «ለጊዜው» የሚል ሥራ የለም።

በአርባ ሰው ፊት ቆሜ «እኔ ነኝ» ብያለሁ።

ከነዚህ ሁሉ ውስጥ ራሴን ያላስተማርኩት ይህን የመጨረሻውን ብቻ ነው።